ሁለተኛው እጅ

1
የስብሰባ አዳራሽ። ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ዝም። ሁሉም ወጣ። በረንዳው ላይ አምስት ሰዎች እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ «አንተ ገብቶሃል?»

2
አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ መቶ ሰው የቆመበትን አደባባይ በሐሳቡ ሣለ። አንደኛው ማንንም ሳይጠብቅ ድንጋይ ይወረውራል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ሲወረውር ካየ። ሦስተኛው፣ ሁለት ካየ። እንዲህ እያለ መቶውም ይወረውራሉ።

3
ከዚያ ሁለተኛውን ሰው ብቻ ለወጠው። ይሄኛው ሁለት ወርዋሪ ካላየ አይነሳም። የተወረወረው አንድ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ዘጠና ዘጠኙ ቆመው ቀሩ። የዘጠና ስምንቱ ጠባይ ግን ያው የቀድሞው ነው።

4
የሎጂክ ሰዎች ነገሩን በቀመር ይጽፉታል። ሰው ነጥብ ነው፤ ትውውቅ መስመር። ደንቡ፦ ከማውቃቸው ግማሹ ካደረጉት እኔም አደርገዋለሁ። በደንቡ ውስጥ «ወድጄዋለሁ» የሚል ቃል የለም።

5
የባለቤታቸውን ተዝካር በብድር ያወጡ እናት፦ «እኔስ ባይደገስ እመርጥ ነበር። ሰው ምን ይላል?»
ጎረቤታቸው፦ «እትዬ፣ እኔም አምና እርስዎ ምን ይሉኛል ብዬ ነው የደገስኩት።»

6
ከዚያው የግማሽ ደንብ የሚከተል፦ ጥቂት ሰዎች አሉ እንበል። የእያንዳንዳቸው ወዳጆች ከግማሽ በላይ እዚያው መካከላቸው ናቸው። የውጭው ልማድ አይገባባቸውም። አብረው አዲስ ነገር ከጀመሩም የውጭው አይመልሳቸውም።

7
ቻይና። የሴት ልጅን እግር በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። ልጄን ያለዚያ ማን ያገባታል የሚል ወላጅ ሁሉ አሰረ። በኋላ ወላጆች ማኅበር ገብተው ቃል ተጋቡ፤ የልጃችንን እግር አናስርም፣ ወንድ ልጃችንም እግሯ የታሰረች አያገባም። ተመራማሪው ጄሪ ማኪ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንን ከሴት ልጅ ግርዛት ጋር አስተያይቶ ጻፈ።

8
ከምባታ፣ እ.ኤ.አ. 2002። ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ማኅበር ሴት ልጅ እንዳትገረዝ ሲያስተምር ቆይቷል። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽሮቹ አልሸሸጉትም፤ ለታዳሚው በጽሑፍ አሳወቁ። ታዳሚው ጽሑፉን ብቻ አላየም። ሌላው ሰው ሲያነብም አየ።

9
ሌላ ስብሰባ። አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። «አልገባኝም» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ሌላ እጅ ተነሳ። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት ሁለተኛውን እጅ ነው።