ለአንድ ሳምንት መንገድ ብዬ የገዛኋት መኪና

ይህን የምጽፍላችሁ የመኪና ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ይሁንና በመኪና ግዢ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቼ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደህና አድርጌ ገዝቻለሁና ያለፍኩበትን ባጫውታችሁ፣ ገንዘብ ቋጥራችሁ «የቱን ልግዛ?» እያላችሁ ላላችሁት ሳይጠቅም አይቀርም።

የመጀመሪያዋን የገዛኋት በ2003 ዓ.ም. ነበር። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምናት 280 ሺህ ብር ነበረችን። መኪና ልንገዛባት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የቱን እንደምንገዛ ግን ተነጋግረን አልጨረስንም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደላላ ደወለልኝና ሄድኩ። ቁመቷ ረጅም፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ትርፍ ጎማዋን ከኋላ የተሸከመች አሮጌ የናፍጣ ፎር ዊል። ገብቼ ተቀመጥኩባት። ከላይ ሆኜ መንገዱን ቁልቁል ሳየው፣ እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ተሰረቀ። ሰኞ ውሉን ፈረምኩ። ማታ ይዣት ስገባ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ አየችኝ። «ሳትነግረኝ?» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። «ጸልዬበታለሁ» ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር ጸልዬ ነበር፤ መልሱን ግን አልጠበቅኩም።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ። የአባቴ ቤት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ነው፤ በየዓመቱ ለመስቀል ስንሄድ የመጨረሻው መንገድ ጭቃ ነው። ፎር ዊል ካልሆነ አይገባም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ አባቴ ቤት የምንሄደው በዓመት አንድ ሳምንት ነበር። በቀሩት 51 ሳምንታት መኪናዋ የምትመላለሰው ከአያት ኮንዶሚኒየም ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ፣ በአስፋልት ላይ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ነው። በአንድ ሊትር ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም። በቀን 40 ኪሎ ሜትር እነዳ ስለነበር ወደ 6 ሊትር ናፍጣ ትጠጣለች። ትንሽ የቤንዚን መኪና ያንኑ መንገድ ከ3 ሊትር ባነሰ ነዳጅ ትጨርሰዋለች። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ማካፈል ከመግዛቴ በፊት አለማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በስምንተኛው ወር የናፍጣ ፖምፓዋ ተበላሸ። መካኒኩ የነገረኝ ዋጋ የሦስት ወር ደመወዜ ነበር። ከዚያ ጎማዎቹ አለቁ፤ የእሷ አንድ ጎማ የትንሽ መኪና ሁለት ጎማ ይገዛል። ሰባት ወር በሸራ ተሸፍና ግቢ ውስጥ ቆመች። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር። አንድ ሌሊት ትልቋ ልጃችን በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ አቅፈናት ወረድን፤ በሸራ ከተሸፈነችው መኪናችን አጠገብ አልፈን የጎረቤታችንን በር አንኳኳን። ጎረቤታችን በፒጃማው ወጥቶ በቪትዙ ሆስፒታል አደረሰን። ልጅቷ ዳነች፣ ጌታ ይመስገን። እኔ ግን ስንመለስ ያቺን ሸራ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በ2005 ዓ.ም. በ190 ሺህ ብር ሸጥናት። ውልና ማስረጃ ስንደርስ ሠራተኛው መጀመሪያ የጠየቀው «ባለቤትህ የታለች?» ብሎ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ስሸጥ ሚስቴን ጠየቀ፤ ስገዛ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። (እናንተም ከባለትዳር ስትገዙ የሁለቱም ፊርማ መኖሩን ሳታዩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።)

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት በታክሲና በአውቶቡስ ኖርን። በ2016 ዓ.ም. አማቴ ከሆሳዕና እኛ ጋ መጡ። ጉልበታቸው ታሟል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና ይመላለሳሉ። ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ረዳቱ «እናቴ ቶሎ ይበሉ» ሲላቸው ባለቤቴ እንባዋን ትውጣለች። መኪና እንደገና የግድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ግን ደላላ ከመጥራታችን በፊት ደብተር ገዛን። ባለቤቴ ናት ያመጣችው ሐሳብ። አንድ ወር ሙሉ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ሆኖ እንደሄደ በየማታው ጻፍን። ወሩ ሲያልቅ ስንደምረው ከመንገዳችን አብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው። አምስት ሰው የምንሆነው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብቻ ነው። ከባድ ዕቃ የጫንነው አንድ ቀን ነው፤ እሱም አንድ ኩንታል ጤፍ። ለመስቀል ጉዞ አንድ ሳምንት መኪና መከራየት ዓመቱን ሙሉ ፎር ዊል ከመቀለብ እጅግ ይረክሳል። እባካችሁ ይህን ደብተር ሳትይዙ ገበያ አትውጡ።

ታዲያ ገበያው እንደ ድሮው አልጠበቀንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ስለዚህ ከፊታችን የነበረው ምርጫ ሁለት ሆነ፦ እዚሁ ያለ ያገለገለ የቤንዚን መኪና፣ ወይም የኤሌክትሪክ።

እኔ ወደ ኤሌክትሪኩ አዘነበልኩ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ገዝቶ ሌላ ሰው ሆኗል፤ የነዳጅ ሰልፍ ሲያይ ይስቃል። ሒሳቡም ያጓጓል። እንዲህ ያለ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የእኛ 40 ኪሎ ሜትር 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ከተራ የግድግዳ ሶኬት በ3 ሰዓት መሙላት ይቻላል። ብዙ ሰው «ባትሪው ለመሙላት አንድ ቀን ይፈጃል» ብሎ ይፈራል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ተነሥቶ በተራ ሶኬት ሲሞላ ከ24 ሰዓት በላይ መፍጀቱ እውነት ነው፤ ግን በየቀኑ ከባዶ የሚነሣ ማን ነው? ማታ የዋልንበትን ያህል ብቻ መልሶ መሙላት ነው።

የእኛ ችግር ሌላ ነበር። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ከቆጣሪያችን እስከ መኪና ማቆሚያው ሽቦ የሚዘረጋበት መንገድ የለም፤ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴም ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ አልፈቀደም። በየቀኑ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሄዶ መሰለፍ ደግሞ የነዳጁን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ መለወጥ ነው። ባልደረባዬ የራሱ ግቢ አለው፤ መብራት ቢጠፋም ሲመለስ ይሰካል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለመግዛት የምታስቡ መጀመሪያ የምታድሩበትን ቦታ እዩ፤ መኪናውን ኋላ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስለኩ፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ እሱ ነውና። ከቻይና ገበያ የመጡት አንዳንዶቹ የስክሪናቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ስለሆነ፣ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ሲበራ ምን እንደሚል የሚነግራችሁ ሰው መኖሩንም አረጋግጡ።

እኛ ቤንዚን ወሰንን። ባለቤቴ ያሪስ ወይም ኮሮላ አለች፤ መለዋወጫቸው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ የማያውቃቸው መካኒክም የለም። አምስት መኪና አየን። ሻጩን ሁልጊዜ «ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀን» እንለዋለን፤ የሞቀ ሞተር ገበናውን ይደብቃልና። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለን በሩንና መከላከያውን እንዳስሳለን፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው (ፕላስቲክ የሆነው ቦታ ላይ እንዳትሞክሩት፣ እኔ ሞክሬ ሻጩን ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼዋለሁ)። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አየን፤ 60 ሺህ የሚል መኪና ፔዳሉ ሙልጭ ብሎ ካለቀ አንዱ ይዋሻል። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ ኤርባጉ ፈንድቶ መብራቱን ነቅለውት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛዋ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በአንድ ቁጥር አልገጠመም፤ ዋጋዋ ግን በጣም ጥሩ ነበር። የቀድሞው እኔ «የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል» ይል ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

የመጨረሻውን ፈተና የፈተኑት አማቴ ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን መኪኖች ሻጮቹ በተለያየ ቀን ሰፈር ድረስ አመጡልን። የመጀመሪያዋ ዝቅ ያለች ኮሮላ ነበረች፤ አማቴ ገብተው ተቀመጡ፣ መውጣት ግን አቃታቸው፣ ሁለት ሆነን አነሣናቸው። ሁለተኛዋ ያሪስ ነበረች፤ ወንበሯ ከፍ ያለ ስለሆነ አጎንብሰው ሳይሆን ወደ ጎን ተቀምጠው እግራቸውን አስገቡ። መልሰው ራሳቸው ወጡ። ደግመው ገቡ። «ልጄ፣ ይቺ ታውቀኛለች» አሉኝ።

ያሪሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀለሟም እኔ የምወደው አይደለም። አምስት ሆነን ስንሄድ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዷ እንዳይነካ ቀስ እላለሁ። በመጀመሪያው ወር የፊት ፍሬን ሸራና ባትሪ ቀየርን፤ ለዚህ ከመግዣው ላይ ቀንሰን ያስቀመጥነው ብር ነበር። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ኪሳችሁን እስከ ታች አታራግፉ።

ውልና ማስረጃ ሠራተኛዋ «በማን ስም?» ብላ ቀና ስትል የባለቤቴን ስም ነገርኳት። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። «መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መማር ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ፈተና አላት፤ አማቴም ከኋላ ተቀምጠው ካላየሁ ብለዋል።