ሚዛን ላይ የቆመው ዲያቆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ «አገልግሎትህ ምንድን ነው? አገልግሎትሽስ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? አንዱ «መዘምር ነኝ» ይላል፤ ሌላዋ «ሕፃናትን አስተምራለሁ» ትላለች። እኔም ማዕርገ ዲቁና ከተቀበልሁበት ቀን ጀምሮ መልሴ አንድ ነበር፤ «ዲያቆን ነኝ»። መልሱ እውነት ነው። ጎደሎ እንደ ነበረ የተረዳሁት ግን በቤተ መቅደስ ሳይሆን በአንድ የቡና መረከቢያ ቦታ፣ ከሚዛን አጠገብ ቆሜ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ የራሴን በደል ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚወስደውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሄደ ሰው ምድራችን እንዴት እንደተባረከች ያውቃል። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናው ይታያል፤ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ የጫካው ማር ሁሉ ከዚሁ ነው። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። ያ ወቅት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት እያሰበች ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ የምታነጋበት ዘመነ ጽጌ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ወቅት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲው ጥሪ እስኪያደርግልን ድረስ ለመጻሕፍትና ለልብስ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ላገኝ ብዬ እሸት ቡና ከገበሬ በሚረከቡ አንድ ነጋዴ ዘንድ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ሥራዬ ቀላል ነበር። ገበሬው ያመጣው እሸት ሚዛን ላይ ይሰቀላል፤ እኔ ኪሎውን አንብቤ እጽፋለሁ፤ ሒሳቡን አሰላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ተነገረኝ። ከኪሎ በላይ ያለው ግራም አይጻፍም፤ ለጆንያና ለእርጥበት ደግሞ ከእያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ይቀነሳል።

ገበሬው ለምን ዝም ይላል? እናንተ የቡና አገር ልጆች ምክንያቱን አታጡትም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ረጅም መንገድ ተሸክሞት የመጣ ሰው መልሶ ወደ ቤቱ ቢወስደው ያለው አማራጭ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ ነው፤ ያም ቀናትን ይፈልጋል። ለዛሬ ጨውና ዘይት የሚያስፈልገው ሰው ግን ቀናትን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ይቀበላል። እኔም ራሴን በአንድ ሐሳብ አጽናናሁ፤ «ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ»።

ቅዳሜ ሌሊት ከካህናቱና ከሊቃውንቱ ጋር በማኅሌት ቆምሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በግብፅ በረሃ የተራበችውን፣ የተጠማችውን እያሰብን ዘመርን። ልቤ ተነክቶ ነበር። እሑድ በቅዳሴ አገለገልሁ። ሰኞ ወደ ሚዛኑ ተመለስሁ።

በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት የአጥቢያችን እናት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። በማዳበሪያ ጆንያ የያዙት እሸት ተሰቀለ፤ 23.6 ኪሎ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «አንተ ነህ እንዴ ልጄ? እንኳን አንተ ሆንህ! የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሚዛኑ ላይ ካለ ምን እሰጋለሁ» አሉና ንባቡን እንኳ ሳያዩ ከጥላው ሥር ተቀመጡ። እኔም 21 ብዬ ጻፍሁ።

ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ያን ምርቃት ዛሬም አልረሳውም። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ባዶውን ጆንያ አንሥቼ መዘንሁት። እርጥብ ሆኖ እንኳ ሩብ ኪሎ አልሞላም። ሒሳብ ተማሪ ነኝና አሰላሁት። ከእኚያ እናት የወሰድነው ከአሥር ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ነው። አሥራት ማለት ነው፤ ለእግዚአብሔር ያልገባ አሥራት። የወሰድሁትም በብዕሬ ብቻ አልነበረም፤ እርሳቸው ሚዛኑን እንዳያዩ ያደረጋቸው ዲቁናዬ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። የሰጡኝን ቀኖና እዚህ አልዘረዝርም። ነገር ግን «ሥራውን ልተወውና ሙሉ ጊዜዬን ለአገልግሎት ላውል» ስላቸው የመለሱልኝን ልንገራችሁ። «ልጄ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የት ነበርህ? አገልግሎት ላይ አልነበርህምን? ተመለስና ጆንያውን በትክክል መዝን» አሉኝ። ከዚያም ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ የሰጣቸውን ምላሽ አስታወሱኝ (ሉቃ. 3፥12-13)። ቅዱሱ በበረሃ የሚኖር ባሕታዊ ሲሆን ቀራጮቹን ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም። ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ አዝዞ ወደዚያው ወደ ሥራቸው ነው የመለሳቸው።

እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ መክሊት ስንል ድምፅን፣ ስብከትን፣ ሥዕልን ብቻ እናስባለን። ነገር ግን በጌታ ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) የተነገረው መክሊት አስቀድሞ የክብደት መለኪያ ስም ነበር። እንደየአገሩ መጠኑ ቢለያይም አንዱ መክሊት ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ልክ እኚያ እናት እንዳመጡት አንድ ጆንያ እሸት። ጌታውም ለአገልጋዮቹ የሰጣቸው ሊነግዱበት ነው፤ በገበያ መካከል፣ በሰው ፊት፣ በሚዛን። የእኔ መክሊት ቁጥር ማወቅ ነበር። አልቀበርሁትም፤ ከመቅበር የከፋ አደረግሁ፤ ለሐሰት አሠራሁት።

አባታችን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን አስቡ። ዛሬ በድርሰቶቻቸው እንጸልያለን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሳሉ ግን ለማኅበሩ እህል ይፈጩ ነበር። ወፍጮውን ከጸሎታቸው የሚለይ፣ ከአገልግሎት ያነሰ ሥራ አድርገው አልናቁትም። ደግሞስ በመሠዊያው ላይ የሚሠዋው ኅብስት ገበሬ ያረሰው፣ ሰው የፈጨው ስንዴ አይደለምን? የምናበራው ጧፍ ሰምስ ከንብ አናቢው ቀፎ የመጣ አይደለምን? የሰው የዕለት ድካም ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ እናየዋለን። የቤተ መቅደሱ እውነት ወደ ዕለት ድካማችን እንዲወጣ ግን መንገዱን እንዘጋበታለን።

ወደ ሥራው ተመለስሁ። ጆንያውን በነጋዴው ፊት መዘንሁና «ጋሼ፣ የሚቀነሰው ይህ ነው» አልኋቸው። አልተቆጡም። ለሁለት ቀን በትክክል ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ በቦታዬ ሌላ መዝጋቢ ተቀምጦ አገኘሁ። የሠራሁበት ተከፍሎኝ ተሰናበትሁ። ተአምር አልተደረገም፤ አሠራሩም በእኔ ምክንያት አልተለወጠም።

ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። እኔ ያንን አልቻልሁም። በማስታወሻዬ ስማቸውን ያገኘኋቸውን በየቤታቸው እየሄድሁ የጎደለባቸውን ከደመወዜ ከፈልሁ። እኚያን እናት ሳገኛቸው ሁሉን ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ገንዘቡን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «የእኔን መለስህልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። የቀሩትንስ ስንቱን ቤት ታዳርሳለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ለለቀማ ከሩቅ መጥተው የሄዱ ነበሩ። የእነርሱን ድርሻ በንስሐ አባቴ ምክር ለነዳያን ሰጠሁ፤ ሆኖም ዕዳው ተዘግቷል ብዬ አላምንም። በቅዳሴ በቆምሁ ቁጥር አስባቸዋለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ በብዙ ቋንቋ በሚነገርበት፣ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሸካው፣ ካፋው፣ ከሰሜን የመጣውም በአንድ ገበያ በሚገናኝበት አገር የእኛን ስብከት የማይሰማ ጎረቤት ብዙ ነው። ሚዛናችንን ግን ሁሉም ያነብባል። በአንገታችን ያለውን ማዕተብ አይቶ የሚያምነን ሰው ስንት እንደሆነ አስቡ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከዝማሬ ጥናት ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ነርስ የሆናችሁ፣ ማንም በማያያችሁ የሌሊት ተረኛነት በሽተኛውን እንዴት እንደምትቀበሉት፤ ባጃጅ የምትነዱ፣ መንገዱን ከማያውቀው እንግዳ ስንት እንደምትጠይቁ፤ ተማሪዎች፣ የቡድን ሥራችሁን ማን እንደሚሠራው፤ ነጋዴዎች፣ ጆንያችሁ በእውነት ስንት እንደሚመዝን ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ «አገልግሎትህ ምንድን ነው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትመልሱት ምናልባት ይለወጥ ይሆናል። የእኔ ተለውጧል። ዛሬ ስጠየቅ «ዲያቆን ነኝ፤ ሰኞም ጭምር» እላለሁ፤ እንደ ቃሌ እኖር ዘንድም ጸሎታችሁን እሻለሁ።

በእጃችን የሰጠንን በታማኝነት እንድንጠብቅ የአምላካችን ቸርነት፣ የወላዲተ አምላክ አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።