አንዲት ነጠላ ሰረዝ

ሾፌራችን የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲሰጠው ማመልከቻ ጻፈ። የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና እሱም በእንግሊዝኛ ጻፈው። «እስቲ እዩልኝ» ብሎ ለእኔና ለባልደረባዬ ሰጠን። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

እኔ ከ‹ኤንድ› በፊት ነጠላ ሰረዝ ይግባ አልኩ። ባልደረባዬ «በፍጹም! እኛ ስንማር ‹ኤንድ› ካለ ኮማ የለም ተብለናል» አለ። እሱ የድሮ አስተማሪውን ምስክር ጠራ፣ እኔ መጽሐፍ ገለጥኩ። በነጋታውም ቀጠልን። ማመልከቻው ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ከረመ።

ነገሩ ግን እንዲያው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት የወተት ሾፌሮች በዚሁ በትርፍ ሰዓት ጉዳይ ከኩባንያቸው ጋር ተካሰው ነበር። ሕጉ ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር፣ መጨረሻ ላይ «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» የሚመስል ሐረግ ነበረው፤ ከ«ወይም» በፊት ሰረዝ አልነበረም። ታዲያ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው ወይስ የማሸጉ ዓላማ? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ለሾፌሮቹ ፈረደላቸው። በ2018 ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ይህን ለባልደረባዬ ደረቴን ነፍቼ ስተርክ ሾፌራችን ሰማኝ።

«የእነሱስ ሰረዝ ጠፍታ ገንዘብ አመጣች» አለ። «የእኔን ሰረዝ እናንተ ስትፈልጉ ደመወዝ ሊያልፈኝ ነው። ጋሼ፣ ከነስህተቷ ብትገባስ?»

አፈርኩ። ያኑ ዕለት ወስደን አስገባንለት። አለቃችን ኮማውን ልብም አላለው፤ ያየው የሰዓቱን ድምር ነው።