መቀሱ ማን እጅ ነው?

ዶክመንተሪ ሲባል እንደኛ ላለው በኢቲቪ ላደገ ትውልድ መጀመሪያ ትዝ የሚለው አንበሳና ሚዳቋ አይደለም። ጎርናና የተራኪ ድምፅ፣ ከሥሩ የሚያስበረግግ ሙዚቃ፣ ከዚያ አንድ ምስኪን ቁጭ ብሎ ሲናዘዝ ነው። ስለዚህ «ዶክመንተሪ የተቃውሞ መሣሪያ ነው» ሲሉን ሳቅ ይቀድመናል። ግን ነው! እንዲያውም በዚች ሀገር ዙፋን በመነቅነቅ ዶክመንተሪን የሚያህል ፊልም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 ወሎ ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ዝም አለ። ከዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ፎቶ አንስተው ተመለሱ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ደግሞ ካሜራ ይዞ ሄደና ያየውን በጥቅምት 1966 ለሀገሩ ሰው በቴሌቪዥን አሳየ። በኋላ ደርግ ያንኑ ፊልም አመጣና መቀስ አነሳበት። የተራበ ሕፃን፣ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ድግስ፤ አጥንቱ የወጣ ገበሬ፣ ቀጥሎ ንጉሡ ውሻቸውን ሲያበሉ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ወጥተው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። የሰውን ልብ የቆረጠው ግን ሁለቱን ያጋጠመው ስፌት ነው።

መቀስ ደግሞ ወዳጅ አይመርጥም። በህዳር 2004 ኢቲቪ «አኬልዳማ»ን ሲያሳየን የተጠቀመው በዚያው ዘዴ ነው፤ የፍንዳታና የሬሳ ምስል፣ ቀጥሎ ገና ያልተፈረደባቸው ሰዎች ፊት። እስክንድር ነጋ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለው ከወራት በኋላ ነው፤ በቴሌቪዥን ግን ነገሩ ቀድሞ አልቋል። በጥር 2005 የታየው «ጅሃዳዊ ሐረካት» ደግሞ ይባስ ብሎ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ አዝዞ ሳለ ነው የተላለፈው።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። መስከረም 22 ቀን 2009 ሕዝቡ ለኢሬቻ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ዳር ከትሟል። ከአዳማ ቢሾፍቱ እንግዲህ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ ያዘ፤ ሕዝቡ ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ ሪዮ ላይ እንዳደረገው እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሰው እየተረጋገጠ ገደል ገባ። መንግሥት የሞቱት 55 ናቸው አለ፤ ተቃዋሚዎች በመቶዎች ቆጠሩ። ጥፋቱም በሁከት ፈጣሪዎች ተላከከ። ማታ የሰማነው ዜናና በየሞባይሉ ያለው ቪዲዮ የሁለት የተለያዩ በዓላት ይመስሉ ነበር።

የሞባይሉ ቪዲዮ በሙያ ዓይን ካየነው ምንም የለውም። ተራኪ የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፣ የቀራጩ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ የሚያሳየው መሬት ነው። አንድ ነገር ግን አለው፦ አልተቆረጠም። ከጭሱ በፊት የነበረውም ከጭሱ በኋላ የሆነውም ባንድ ትንፋሽ ይታያል። «ማን ጀመረው?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

መንግሥትም የገባው ይመስላል። ሳምንት ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ እጅ ማጣመር ተከለከለ፤ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ተከለከለ። ልብ በሉ፣ መቅረጽ ብቻ ሳይሆን ማየትም!

ከዚያስ? ከዚያማ በ2010 ሰዎቹ ተቀየሩ፣ መቀሱ ግን አልተጣለም። በህዳር 2011 የሜቴክ ኃላፊዎች ሲያዙ ዶክመንተሪው ከፍርዱ ቀድሞ ከተፍ አለ። ያኔ ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ ተረኛው እሱ የሚጠላው ነበራ! እኛ ጋ ያለው ጣጣ ይኼ ነው። ስፌቱን የምንጠላው በኛ ላይ ሲሰፋ ብቻ ከሆነ፣ ነገ ሌላ ጎርናና ድምፅ ሌላ ጎረቤታችንን ሲወነጅል ዝም ብለን እናያለን። በሆራ የሞቱትም ቢሆኑ ዘፈን እየተደረበባቸው የየቡድኑ ማስታወቂያ መሆን አይገባቸውም። የሞቱት በ30 ሰከንድ ክሊፕ ውስጥ አይደለም።

እንግዲህ የምንለው አጭር ነው። ያ ቀን ስልካችሁ ውስጥ ካለ አትሰርዙት፣ አትቁረጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉበት፤ አንዱን ኮፒ ሌላ ቤት አስቀምጡ። የሰው ፊት ያለበትን ግን ሳታስቡ አትልቀቁ፤ ለተቃውሞ የተቀረጸ ፊት ለአሳሪም ይጠቅማልና። ፊልም መሥራት የምትፈልጉም ሥሩ፣ መቀሱንም ያዙ፣ ብቻ ጥሬውን አትጣሉ፤ የቆረጣችሁትን ማየት ለሚፈልግ የምታሳዩት ይኑራችሁ።

የሚቀጥለው ተራኪ ማን እንደሚሆን አናውቅም። ቢያንስ ጥሬው እኛ ጋ ይቆይ።

ቸር ያሰማን!