የእናትየው ከንፈር

«ማደስ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ጎጆ ሲታደስ አሮጌው ሣር ወርዶ በአዲስ ይከደናል፤ ማንም ቅር አይለውም። በእንጨት ላይ የተሣለ አሮጌ ሥዕል ሲታደስ ግን፣ አሮጌው ከወረደ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የገጠመኝ በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር ነው። መተዳደሪያዬ አሮጌ የእንጨት ዕቃ መጠገን ነው። ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ከወላጅ እናታቸው የወረሱትን፣ እንደ ትንሽ ቁም ሣጥን የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ሦስት ሳንቃ የእመቤታችን ሥዕል አመጡልኝ። «ልጄ፣ እንዲያብረቀርቅ አድርግልኝ፤ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው» አሉኝ።

እመቤታችን እጆቿን አነባብራ መሐረብ ይዛለች። ይህ አሣሣል በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኢየሱሳውያን ጋር ከመጣው፣ ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ቅጂ የወረደ ነው። የእኛ ሠዓልያን በሳንቃው ላይ በሙጫ የተለወሰ ጀሶ ይለብጣሉ፤ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሽ አይደርቡበትም። ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው ያንን የደበዘዘ፣ ዓይን የማይወጋ ገጽ ያስታውሰዋል። ቫርኒሽ ብቀባው ጥንታዊ ሳይሆን ትናንት ከመርካቶ የተገዛ በመሰለ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ቢጫ ይሆናል።

የባሰው ጠላት አየሩ ነው። ከበረሃ የሚነሣው የሳንታ አና ነፋስ ቤቱን ሲያደርቀው እንጨቱ ይኮማተራል፤ ጀሶው ግን እኩል አይኮማተርም፤ ተነሥቶ ይረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀጭን ብሩሽ ከተነሣው ቀለም ሥር ሙጫ አስገብቼ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ጥላሸቱን ያነሣሁት በምራቅ በራሰ ጥጥ ነው። (በታላላቅ ሙዚየሞችም የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እሳቸው ግን ሲሰሙ አማተቡ።) የረገፈውን ቦታ ብቻ፣ ወደፊት ሌላ ሰው በውኃ ሊያነሣው በሚችል ቀለም ሞላሁት። ከጎኑ ያለውን የጥንቱን ቀለም ንክች አላደረግሁትም።

የከረረ ክርክር የተነሣው በካባዋ ጫፍ ነው። በዚያ ሰማያዊው አልቆ፣ ጀሶውም አልቆ፣ እንጨቱ ራሱ እንደ ቀንድ ለስልሷል። «እዚህ ጋ ቀባ ቀባ አድርገው» አሉኝ።

«ይህን የጨረሰው ጊዜ አይደለም እትዬ፤ መሳም ነው። እናትዎ የት ነበር የሚስሙት?»

ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «ጠዋት ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ» አሉ። ጣታቸውን በለሰለሰው እንጨት ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም አላነሡም። ግን ነጋዴ ናቸውና ደንበኛው ቆሻሻ እንዳይመስለው ፈሩ።

ሥዕሉ ዛሬ ከምድጃ እንፋሎትና ከፀሐይ ርቆ መኝታ ቤታቸው ይገኛል። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፉ ነው፤ በመስተዋት ተለብጦ እንደ ልባቸው ያብረቀርቃል።