ሊፍት ያለው ግንብ

የኦሳካን ግንብ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሊፍቱን ሲያይ ፊቱ ይቀየራል። «ኮንክሪት ነው እንዴ? ይሄን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣሁት?» ልክ ነው፣ ኮንክሪት ነው፤ ውስጡም ባለ ስምንት ፎቅ ሙዚየም። ግን እስቲ ፍርዱን እናቆየውና እንጫወት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

ግንቡን በ1583 ያስጀመረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነው፤ ከተራ ቤተሰብ ተወልዶ ጃፓንን በሙሉ ያስገበረ ሰው። እሱ ካለፈ በኋላ ሥልጣኑን የያዘው ቶኩጋዋ ኢየያሱ የሂዴዮሺን ልጅ ሂዴዮሪን እዚሁ ግንብ ውስጥ ከበበው። በ1615 ግንቡ ነደደ፣ ልጁም እዚያው ራሱን አጠፋ። ከ1620 ጀምሮ የኢየያሱ ቤተሰብ፣ ቶኩጋዎች፣ ሌላ ግንብ አሠሩ። የሂዴዮሺን የድንጋይ ግድግዳ ግን አላፈረሱትም፤ አፈር አልብሰው ቀበሩትና በላዩ የራሳቸውን ቆለሉ። ቂም ይሏል እንዲህ ነው! በ1959 በቁፋሮ እስኪገኝ ድረስ ሕዝቡ ከላይ የሚታየውን ድንጋይ የሂዴዮሺ ነው ብሎ ያምን ነበር።

የቶኩጋዎቹንም ዋና ግንብ በ1665 መብረቅ መታውና ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ከ260 ዓመት በላይ ቦታው ባዶውን ኖረ።

አሁን ያለው በ1931 የተሠራው ከነዋሪው በተዋጣ ገንዘብ ነው። 1.5 ሚሊዮን የን ተሰበሰበ፤ ለግንቡ የዋለው ግን 470,000 የን ያህል ብቻ ነው። ግቢው በጦር ሠራዊቱ እጅ ስለነበር ከመዋጮው የሚበዛው ለሠራዊቱ ዋና መምሪያ ማሠሪያ ሄደ! ያ ሕንጻ ዛሬም ግንቡ አጠገብ አለ፤ ምግብ ቤትና ሱቅ ሆኗል። ሠሪዎቹ ደግሞ የ1615ን ውጊያ የሚያሳይ አሮጌ ሥዕል ይዘው የሂዴዮሺን ግንብ እንመልሳለን ሲሉ፣ ሳያውቁት የጠላቱ መሠረት ላይ አቆሙለት።

በ1945 አጠገቡ ያለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በቦምብ ሲደበደብ ግንቡ ተረፈ። እንግዲህ ያስሉት፦ የሂዴዮሺው ዋና ግንብ 30 ዓመት ቆመ፣ የቶኩጋዎቹ 40 እንኳ አልሞላም፣ «የውሸት» የሚባለው ኮንክሪት ግን 90 ዓመት አልፎታል። እኔ ቅርስ ነው እላለሁ። የጃፓን መንግሥትም በ1997 በቅርስነት መዝግቦታል። ሊፍቱም ቢሆን ጉልበታቸው ያመማቸውን እናት አናቱ ድረስ ያወጣልና አልከፋበትም።

ዕድሜ ጠገብ ነገር ካማረዎት ግን ዓይንዎን ወደ ታች ያድርጉ። የውኃ ቦዩን ይዘው የቆሙት ግድግዳዎች የ1620ዎቹ ናቸው፤ መሳፍንቱ ተከፋፍለው ስላሠሯቸው አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቀርጿል። በሳኩራሞን በር እንደገቡ ፊት ለፊት «ታኮኢሺ» የሚሉት ድንጋይ አለ፤ ፊቱ ብቻ 59 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ ክብደቱም ከ100 ቶን በላይ ይገመታል። ይህንን በመርከብ አምጥተው ነው ያቆሙት። የግንቡ ወረፋ ከረዘመብዎት ትተውት እነዚህን ይዙሩ፤ ደግሞ ግቢው በነጻ ነው።