የጋራ መደርደሪያ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና፥ ስለ ኮምፒዩተር ስንጽፍ ወንድሞቻችን የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ቢስቁብን አንቀየምም። ለመጻፍ ያነሣሣን በመኝታ ክፍላችን የሆነው ነገር ነው።

በክፍላችን አራት ነን፤ መደርደሪያችን አንድ። ቤተ መጻሕፍቱ ሩቅ ስለ ሆነ አንዱ ያመጣውን መጽሐፍ ሌላውም ያነብበዋል። አንድ ቀን ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚናገር መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አየን፤ ማንም የማይፈልገው መስሎን ጧት መለስነው። ማታ ስንገባ መጽሐፉ ከቦታው ተመልሶ ተቀምጧል። ማንንም ሳንጠይቅ፥ የማንንም ደብዳቤ ሳንከፍት፥ ከመካከላችን አንዱን ምን እንደሚያስጨንቀው ዐወቅን። ሌሊት ሲያስል ሰምተን ነበርና ማን እንደ ሆነ ለመገመት አልተቸገርንም። ሳይነግረን ማወቃችንን በተረዳ ጊዜ ሁለት ቀን አላነጋገረንም። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደኅና መሆኑን ሰማ፤ ለእኛ ግን የነገረን በማግስቱ ነው።

የሆነውን ለአንድ የኮምፒዩተር ተማሪ ስናጫውተው (ስሙን ሳንጠራ፤ ለዚህ ጽሑፍም ፈቃዱን ጠይቀናል) «ይህማ በእኛ ዘንድ የታወቀ ስርቆት ነው» አለን። የዛሬ ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮሮች አሉት። ዋናው ሜሞሪ ለእነርሱ እንደ ሩቅ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከዚያ አንድ ነገር ለማምጣት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በኮሩ አጠገብ ካለው ካሽ ግን 1 ናኖሰከንድ ያህል ይበቃል። ትልቁን የካሽ እርከን ብዙ ጊዜ ኮሮቹ በጋራ ይይዙታል። ሰላዩ ፕሮግራም ከሌላው ጋር የሚጋራውን ቁራጭ ከካሽ ያስወጣዋል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይጠራዋል፤ ቶሎ ከመጣለት ሌላው ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ያሮምና ፎክነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የአንድን ምስጢር መጻፊያ ፕሮግራም ቁልፍ አብዛኛውን ክፍል ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተገለጡት ሜልትዳውንና ስፔክተርም ምስጢሩን የሚያወጡት በካሽ በኩል ነበር።

ታዲያ ካሹን ለየኮሩ መክፈል ነዋ! እንዲህ ያለ መሣሪያ በአንዳንድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አለ፤ ዋና ዓላማው ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳያጨናንቅ ነው። መክፈሉም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አንዱን መጽሐፍ የሚጋሩ ከሆነ ምልክቱ አይጠፋምና ለየራሳቸው ቅጂ ያሻቸዋል። ያን ጊዜ ደግሞ የአንዱ ድርሻ ባዶ ተቀምጦ የሌላው ይጠብበዋል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

እኛም መደርደሪያችንን በአራት ከፍለነዋል። አሁን ፈተና ደርሶ የሦስታችን መጻሕፍት መሬት ላይ ተከምረዋል፤ የእርሱ ክፍል ግማሹ ባዶ ነው። «አስቀምጡበት እንጂ» ብሎናል። እስካሁን አላስቀመጥንበትም።